ከጎንደር ሆኖ የአማተር ሳተላይት ለማዳመጥና ለመገናኘት፦ ስልክ፣ የእጅ ሬዲዮ፣ ኤስዲአር ወይስ ዲሽ?

ስለ አማተር ሬዲዮ ሳተላይት መጠየቅ የጀመረ ሰው ቀድሞ የሚያገኘው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ግዛ፣ አንቴና ሥራ፣ ደጅ ውጣና ተናገር። ምክሩ ውሸት አይደለም። ግን የተጻፈው የጥሪ ምልክት (ፈቃድ ያለው አማተር በአየር ላይ የሚጠራበት መለያ) ማውጣት ቀላል በሆነበት፣ ዕቃው በጥቂት ቀን ደጃፍ ድረስ በሚመጣበት፣ ሳተላይቱ ባለፈ ቁጥርም ብዙ አማተሮች ማይክ ጨብጠው በሚጠብቁበት አገር ላለ ሰው ነው። ጎንደር ላይ ሦስቱም እንደዚያ አይደሉም። በእኔ ሚዛን እዚህ ላለ ጀማሪ የመጀመሪያው ዕቃ የእጅ ሬዲዮ አይደለም፤ ዲሽ ነው። ለምን እንደሆነ መመዘኛዎቹን ካየን በኋላ ግልጽ ይሆናል።

ለነገሩ አዲስ ለሆነ ሰው ባጭሩ፦ አማተር ሬዲዮ ለንግድ ሳይሆን ለመማር፣ ለመሞከርና ለመጨዋወት የሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። የመጀመሪያው የአማተሮች ሳተላይት ኦስካር 1 የተወነጨፈው ታኅሣሥ 3 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ ስፑትኒክ ከወጣች ገና አራት ዓመቷ ነበር። ዛሬ ዝቅ ብለው ምድርን የሚዞሩ ብዙ ትንንሽ ሳተላይቶች አሉ፤ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም ላይ የአማተር ሬዲዮ ተተክሏል፤ ከሁሉም ርቆ አንድ ቦታ የቆመ የሚመስለው ደግሞ ኪውኦ-100 ነው።

ከዕቃው በፊት መመዘኛው

ፈቃድ ይቅደም። ማዳመጥና ማሰራጨት አንድ አይደሉም። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ማሰራጨት የሚችል ሬዲዮ ከማስገባትም ከመጠቀምም በፊት የሚኬደው ወደዚያ ነው። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት በ«ኢቲ» ይጀምራል፤ በዓለም አማተሮች ዘንድ ስሙ የታወቀው ጣቢያም አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው። ነገሩን ማለባበስ አያስፈልግም፦ ባሁኑ ጊዜ ጎንደር ውስጥ ፈቃድ የሌለው የመገናኛ ሬዲዮ ወገብ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ለራስም ለቤተሰብም ጣጣ ነው። ጎሃ ኮረብታ ላይ ወጥቶ አንቴና ወደ ሰማይ መቀሰርም፣ ለማዳመጥ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ጥያቄ ያስነሳል። በራስ ግቢ፣ ጎረቤት እያወቀ ሲሆን ይሻላል።

ሁለተኛው መመዘኛ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነው፦ ወዲያ ማዶ ማን አለ? ሳተላይት የሚያገናኘው በዚያች ቅጽበት ከሥሩ የሚያያቸውን ሰዎች ብቻ ነው። የጠፈር ጣቢያው ከ400 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚበር፣ ልክ ከጎንደር አናት ላይ ሲሆን የሚያየው በዙሪያው እስከ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ነው። ካርቱም፣ ጅዳ፣ ሪያድና ናይሮቢ ይገባሉ፤ አውሮፓ አይገባም። በዚህ ክብ ውስጥ በሳተላይት የሚሠሩ አማተሮች ጥቂት ናቸው። ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበረው ሌላው የአማተር ሳተላይት፣ አርኤስ-44፣ ክቡ ስለሚሰፋ ኢስታንቡልን ይጨምራል። ኪውኦ-100 ግን ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያለውን የምድር ገጽ፣ አፍሪካንና አውሮፓን ጨምሮ፣ ባንዴ ያያል።

ሦስተኛው ሰማዩ ነው። ጎንደር ኮረብታ የከበባት ከተማ ናት። ዝቅ ብሎ የሚበር ሳተላይት የጉዞውን ብዙ ክፍል የሚያሳልፈው ከአድማስ ብዙም ሳይርቅ ስለሆነ፣ በአንድ በኩል ኮረብታ በሌላ በኩል ፎቅ ከጋረደ የአሥር ደቂቃው መንገድ ወደ አምስትና ስድስት ይወርዳል። አዘዞ ያለ ሰው ሜዳ ላይ ስለሆነ ፒያሳ ካለው ይልቅ ዕድለኛ ነው።

መብራትና ኢንተርኔት መቋረጣቸውን ማንም ለጎንደር ሰው አይነግረውም፤ የምንመርጠው መንገድ ያለ ሁለቱ ምን ያህል እንደሚራመድ ግን ማየት ያስፈልጋል። ገንዘብን በተመለከተ ግምቴን በዶላር አስቀምጫለሁ፤ የብሩ ዋጋ እየተለዋወጠ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያረጃል።

በስልክና በኢንተርኔት ብቻ

ምንም ሳይገዙ መጀመር ይቻላል። እንግሊዝ አገር ጉንሂሊ የሳተላይት ጣቢያ ላይ የኪውኦ-100ን ድምፅ ለማንም በብሮውዘር የሚያሰማ ሪሲቨር አለ፤ ሳትኖግስ የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች መረብ ደግሞ በየአገሩ ባሉ አንቴናዎች የተቀዱ የሳተላይት ምልክቶችን በነፃ ያስቀምጣል። ጥቅሙ ጆሮ ማሠልጠን ነው፦ ኤስኤስቢ (ከኤፍኤም የተለየ፣ ጠባብ ሞገድ የሚወስድ የድምፅ መላኪያ ዘዴ) ድምፅ እንዴት እንደሚስተካከል፣ ሞርስ (በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚላክ ጽሑፍ) ምን እንደሚመስል፣ ሰዎች እንዴት ተጠራርተው እንዴት እንደሚሰነባበቱ ይታወቃል። ጉድለቱም ግልጽ ነው። የምትሰሙት በሰው አንቴና ነው፤ ኢንተርኔት ሲጠፋም ሁሉም ይጠፋል። አንድ ሁለት ሳምንት ሞክሩትና ፍላጎታችሁ ካልበረደ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከበረደም ከዳታ በቀር የወጣ ገንዘብ የለም።

የእጅ ሬዲዮ፣ ለማዳመጥ

እዚህ ላይ የሚታሰበው በሁለቱ ሞገዶች፣ ማለትም 145 እና 435 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ የሚሠራ ባለ ኤፍኤም የእጅ ሬዲዮ ነው። ቻይና ሠራሾቹ ከ20 እስከ 35 ዶላር ያወጣሉ፤ ሁሉም ግን ማሰራጫ ስላላቸው የፈቃዱ ጥያቄ ዕቃው ገና ቦርሳ ውስጥ ሳለ ይነሳል። መስማት ብቻ የሚችል ስካነር ይህ ጣጣ ይቀንስለታል፤ ዋጋው ግን ከዚያ በላይ ነው።

የሚሰማው ነገር ጥሩ ነው። የጠፈር ጣቢያው ድምፁን በ437.800 ሜጋኸርዝ ያወርዳል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ በ145.800 ላይ ሥዕል ይልካል። ሥዕሉ ድምፅ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ሮቦት36 የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ ከፍቶ ስልኩን ከሬዲዮው አጠገብ ማስቀመጥ በቂ ነው። አንዱ ሥዕል ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በመካከል እረፍት ስላለው በአንድ ዙር፣ ማለትም ጣቢያው አንዴ ሲያልፍ፣ ከሦስት በላይ መጠበቅ አይገባም። ሬዲዮው ላይ ያለው አጭር የጎማ አንቴና በቂ አይሆንም። ከሜትር መለኪያ ብረትና ከፒቪሲ ቧንቧ የሚሠራ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያነጣጥር ያጊ አንቴና ግን ነገሩን ይለውጠዋል፤ ሁለቱም ከማንኛውም የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገኛሉ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሳተላይቱ ሲመጣና ሲሄድ ድምፁ ይንሸራተታል፦ በ437.800 ላይ ሲመጣ 10 ኪሎኸርዝ ያህል ከፍ ብሎ፣ ሲርቅ ያንኑ ያህል ዝቅ ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ሬዲዮውን 437.810 ላይ ጀምሮ እየወረዱ 437.790 ላይ መጨረስ ነው። በ145.800 ላይ መንሸራተቱ አንድ ሦስተኛ ስለሆነ ሳይነኩት ያልፋል። ሁለተኛ፣ ድምፁ ሲደበዝዝ አንቴናውን ከአቅጣጫው ሳታወጡ በእጃችሁ እንደ ቁልፍ ጠምዝዙት፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ሰዓቱም ያደናግራል። የሳተላይት ሠንጠረዦች በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ይጻፋሉ፤ ወደ እኛ ሰዓት አቆጣጠር ለመመለስ ሦስት መቀነስ ነው። 05:00 ያለው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ 18:00 ያለው ደግሞ 15 ይሆናል፣ ማለትም ማታ 3 ሰዓት። ወደ ፈረንጅ ሰዓት፣ ከዚያ ወደ እኛ ሰዓት እያሉ ሁለቴ ማስላት አያስፈልግም።

ኤስዲአር ዶንግል ከላፕቶፕ ጋር

ኤስዲአር ማለት አብዛኛው ሥራው በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ሬዲዮ ነው፤ ዶንግሏ ደግሞ ፍላሽ የምታክል፣ በዩኤስቢ የምትሰካ ሪሲቨር ናት። ማሰራጨት አትችልም፤ ከ25 እስከ 1,700 ሜጋኸርዝ ገደማ ያለውን ትሰማለች። ጥሩዋ ከ30 እስከ 40 ዶላር ናት፤ ከዚህ በጣም የረከሰው ብዙ ጊዜ አስመስሎ የተሠራ ነው። ከእጅ ሬዲዮ የምትበልጠው ኤፍኤም ብቻ ሳይሆን ኤስኤስቢና ሞርስ፣ ዳታም ጭምር ስለምትቀበልና ሞገዱን በዓይን ስለምታሳይ ነው። መንሸራተቱን የሚከተል ፕሮግራም ስላለ እጅ ሥራ አይፈታም። ጂፕሬዲክት የተባለው ፕሮግራም የሳተላይቶቹን መንገድ ኢንተርኔት ሳይኖርም ያሰላል፤ መረጃውን በሳምንት አንዴ ማደስ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ሁሉም ይሠራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በየቦታው ያሉ የቆዩ መመሪያዎች «ከኖኣ ሳተላይቶች የአየር ጠባይ ሥዕል አውርዱ» ይላሉ። የአሜሪካ የአየር ጠባይ ሳተላይቶች የነበሩት ኖኣ 15፣ 18 እና 19 በ2017 ዓ.ም. ክረምት ተራ በተራ ተዘግተዋል፤ 137 ሜጋኸርዝ ላይ እነሱን መጠበቅ ድካም ነው። በዚያው ሞገድ የሚገኙት የሩሲያዎቹ ሜቴዎር ኤም2-3 እና ኤም2-4 ናቸው፤ በ137.900 ወይም በ137.100 ላይ በዲጂታል ይልካሉ፤ ሳትዳምፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈታቸዋል። አንቴናው እያንዳንዳቸው 53 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ሽቦዎች በ120 ዲግሪ ተከፍተው አግድም የተዘረጉ ናቸው፤ ገመዱ ተራ የዲሽ ገመድ ቢሆን ለመቀበል ችግር የለውም። አማተር ሳተላይቶች አይደሉም፤ ግን የራስን አገር ደመና በራስ ሽቦ መቀበልን የሚያህል ጀማሪን የሚያበረታታ ነገር አላውቅም።

ዲሽ፦ ኪውኦ-100

እዚህ ረዘም አድርጌ ልቆይ።

ኪውኦ-100 ኤስሃይል-2 በተባለው የካታር የቴሌቪዥን ሳተላይት ላይ አብሮ የተጫነ የአማተሮች መሣሪያ ነው። ኅዳር 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ከፍሎሪዳ ተወንጭፎ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ለአማተሮች ተከፈተ። 25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ ከምድር ወገብ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ከምድር እኩል ስለሚዞር፣ ከእኛ አንጻር ንቅንቅ አይልም። በዚህ ዓይነት ምሕዋር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው የአማተር መሣሪያ ነው።

ከጎንደር ሲሰላ ሳተላይቱ ከአድማስ 70 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ፣ በኮምፓስ 223 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም በደቡብ ምዕራብ ይገኛል። ሰባ ዲግሪ ማለት ከአናት ብዙም የማይርቅ ነው። ጎሃ አይጋርደው፣ የጎረቤት ፎቅ አይጋርደው፣ ባሕር ዛፉም አይጋርደው። በሰሜን አውሮፓ ያሉ አማተሮች ዲሻቸውን ወደ አድማስ ደፍተው ከዛፍ ጋር ሲታገሉ፣ እኛ ሰማዩን ያለ ሙግት አግኝተናል። ችግሩ ሌላ ነው፦ የአንዳንዱ ዲሽ ማቆሚያ ይህን ያህል ወደ ኋላ ስለማይተኛ ከመግዛታችሁ በፊት አጋድማችሁ እዩት። መሃሉ ላይ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት የሚቆመው መቀበያ) የሚቆምለት ትልቁ ክብ ዲሽ ከሆነ ደግሞ ወደ ሰማይ ስለሚያንጋጥጥ ክረምት ላይ ውኃ ይይዛል፤ ከታች ትንሽ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ለማዳመጥ ግን 60 ሴንቲ ሜትሩ ይበቃል፤ 90 ከሆነ እሰየው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አረብሳት የምንለው፣ የባድር ሳተላይቶች ያሉበት ቦታ፣ 26 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ከኪውኦ-100 ጋር ያለው ልዩነት የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ በከተማው ውስጥ አረብሳት የሚታይበት ዲሽ ሁሉ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው፣ ወደ አማተሮቹ ሳተላይት ዞሮ ቆሟል። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ኢትዮሳት ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆኑ ለእነሱ የተሰቀለው ዲሽ አያገለግልም። የቤቱን ዲሽ ግን እንዳትነኩ፤ በበዓል ሰሞን ናይልሳትን ያጠፋ ልጅ ሳተላይት ማጥናቱ አይታሰብለትም። አሮጌ ዲሽና ትርፍ ኤልኤንቢ ከጥገና ቤት በርካሽ ይገኛሉ፤ አረብሳትን አስተካክሎ መሥራት የሚችል ባለሙያም በየሰፈሩ አለ። «ለ26 ዲግሪ አድርግልኝ» ማለት ብቻ ነው።

ተራው ኤልኤንቢ ይሠራል። ከሚመጣው ሞገድ ላይ የሚቀንሰው ዝቅተኛው የውስጥ ሞገዱ 9,750 ሜጋኸርዝ ስለሆነ፣ ኪውኦ-100 ድምፆቹን የሚያወርድባቸው ከ10,489.500 እስከ 10,490.000 ያሉት ሞገዶች ገመዱ ውስጥ ከ739.5 እስከ 740.0 ሆነው ይመጣሉ፤ ዶንግሏ በቀጥታ ትሰማቸዋለች። ድምፁ የሚወርደው በቨርቲካል ነው። ኤልኤንቢው 13 ቮልት ሲያገኝ ቨርቲካል፣ 18 ሲያገኝ ሆሪዞንታል ይሆናል። ቮልቱን ከቴሌቪዥን ሪሲቨር መውሰድ ይቻላል፦ ከ11,700 በታች የሆነ ማንኛውንም ቨርቲካል ፍሪኩዌንሲ ምረጡና አንዱ በር ብቻ ኃይል በሚያሳልፍ ስፕሊተር ከፋፍሉት። ሪሲቨሩ ኃይል በሚያሳልፈው በር፣ ዶንግሏ በሌላው። ከመሰካታችሁ በፊት የዶንግሏን በር በመልቲሜትር ለኩ፤ ቮልት ካሳየ ዶንግሏ ትቃጠላለች። ስፕሊተር ማጣራት የሰለቸው ሰው ኤልኤንቢውን በ12 ቮልት ባትሪ፣ ለዚሁ በተሠራ ማስገቢያ በኩል ያብራው። ከአሮጌ ዩፒኤስ የወጣች ትንሽ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ትዘልቃለች፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ አይሰጣችሁም።

ኤልኤንቢው ራሱ አንገቱ ላይ 42 ዲግሪ ያህል ዘወር ማለት አለበት። ወዴት እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱንም ሞክሩና 10,489.750 ላይ ያለው የማያቋርጥ ምልክት፣ ቢከን የሚሉት፣ በሚበረታበት ላይ እሰሩት። ዶንግል ከመግዛታቸው በፊት አቅጣጫውን ብቻ መፈተሽ የሚፈልጉ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ይጠቀሙ፦ 10,491.5፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 1,500 ላይ የአማተሮች የቴሌቪዥን ቢከን አለ፤ አንዳንድ ሪሲቨር ይይዘዋል።

የተራ ኤልኤንቢ ትልቁ ድክመት ሙቀት ነው። የጎንደር ቀን ሞቆ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የውስጥ ሞገዱ ስለሚዋልል፣ ጠዋት ያገኛችሁትን ድምፅ ቀትር ላይ ሌላ ቦታ ትፈልጉታላችሁ። ፒኤልኤል የተባለው ዓይነት ኤልኤንቢ በጣም ይረጋጋል፤ ልዩነቱ ጥቂት ዶላር ስለሆነ በዚህ ላይ አትቆጥቡ። በተረፈ ቢከኑን ተከትሎ ራሱን የሚያርም ፕሮግራም አለ።

ዝናብስ? ኃይለኛ የሐምሌ ዝናብ በ10 ጊጋኸርዝ ላይ ምልክቱን ለደቂቃዎች ያደክማል፤ ካፊያ ግን ምንም አያደርግም። በዝቅተኞቹ ሞገዶች ላይ ዝናብ ጭራሽ ቁጥር ውስጥ አይገባም። መብረቅ ሲጀምር ግን ሁሉንም ገመድ ከላፕቶፑ ነቅላችሁ አውጡ።

እናም ምን ይሰማል? ጀርመኑ ከብራዚሉ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ከህንዱ ሲያወጋ፤ ሞርስ የሚመታ፤ ሙከራ የሚያደርግ። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም። ድምፁ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ስለሚዘገይ ጨዋታው ረጋ ያለ ነው። ሥራ ውሎ ማታ 3 ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው፣ የሳተላይት ማለፊያ ሰዓት ሳይጠብቅ የሚያዳምጠው ይህ ብቻ ነው።

ፈቃድ ላለው፦ ለማሰራጨት ሦስት መንገድ

ኤፍኤም ከሁሉ ቀላሉ ነው። በጠፈር ጣቢያው በኩል ለመናገር 145.990 ላይ ከ67 ኸርዝ ቶን (ሬዲዮው ከድምፃችሁ ጋር አብሮ የሚልከው ዝቅተኛ ድምፅ) ጋር ይላካል፤ መልሱ 437.800 ላይ ይወርዳል። በ1995 ዓ.ም. የተወነጨፈው የሳዑዲው ኤስኦ-50 በ145.850፣ በዚያው ቶን ይቀበልና በ436.795 ያወርዳል፤ ተኝቶ ከሆነ መጀመሪያ በ74.4 ኸርዝ ቶን ይቀሰቀሳል፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ይሠራል። አምስት ዋትና ያጊ ይበቃሉ። ተራ የእጅ ሬዲዮ ግን እየተናገረ መስማት ስለማይችል ድምፃችሁ መውጣቱን አታውቁም፤ ሁለተኛ ሬዲዮ ወይም ዶንግል አጠገብ ያስፈልጋል። ከላይ ያልኩት የሰው እጥረትም ይመለሳል፤ ባዶ ሰማይ ላይ ሲጣሩ የሚያልፍ ዙር ብዙ ነው።

ሁለተኛው በአርኤስ-44 እና በኤኦ-7 በኩል በኤስኤስቢ መነጋገር ነው። አርኤስ-44 በአንድ ዙር እስከ ሃያ ደቂቃ ድረስ ይቆያል፤ በ145.935 እና በ145.995 መካከል ይቀበላል፤ በ435.610 እና በ435.670 መካከል ያወርዳል። ኤኦ-7 የተወነጨፈው ኅዳር 6 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፣ ደርግ ንጉሡን ባወረደ በሁለተኛው ወር። በ1973 ዓ.ም. ባትሪው ሞቶ ዝም አለ፤ በ1994 ዓ.ም. ማንም ሳይጠብቀው ነፍስ ዘራ። እስከ ዛሬ የሚሠራው ፀሐይ ሲያገኝ ብቻ ነው። ከኪውኦ-100 ጋር በአንድ ቀን፣ በኅዳር 6 በቁስቋም ዕለት መወንጨፋቸው አጋጣሚ ነው፤ የምንትዋብ ቁስቋም ላለባት ከተማ ግን ደስ ይላል። ለዚህ መንገድ ሁለቱንም ሞገድ ባንዴ የሚሠራ የኤስኤስቢ ሬዲዮ ያስፈልጋል፤ አዲሱ ከ1,500 ዶላር በላይ ነው። ለአንድ ግለሰብ፣ በዚህ ከተማ፣ ይህን ያህል ማውጣት አልመክርም።

ሦስተኛው ወደ ኪውኦ-100 በ2,400 ሜጋኸርዝ መላክ ነው። ከዋይፋይ ጋር የሚጎራበት ሞገድ ነው፤ ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽና ጥቂት ዋት ለኤስኤስቢ ይበቃሉ። ማሰራጫ ያለው ኤስዲአር፣ ማጉያና በዲሹ ፊት የሚቆም መላኪያ ሲደመሩ ጥቂት መቶ ዶላሮች ይሆናሉ፤ ሁሉም ከውጭ ይመጣሉ፤ መገጣጠሙም ጊዜ ይወስዳል። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ኤፍኤም አይፈቀድም፤ ድምፃችሁም ከቢከኑ በላይ እንዲጎላ አይፈለግም።

ባንድ እይታ

| መንገድ | የማሰራጫ ፈቃድ | የሚሠራበት ጊዜ | ያለ መብራትና ኢንተርኔት | ወጪ | ወዲያ ማዶ ያለ ሰው |
|---|---|---|---|---|---|
| ስልክና ኢንተርኔት | አያስፈልግም | ሁልጊዜ | አይሠራም | ዳታ ብቻ | ብዙ፣ ግን በሰው አንቴና |
| የእጅ ሬዲዮና ያጊ (ለማዳመጥ) | ዕቃው ማሰራጫ ስላለው ያስፈልጋል | በአንድ ዙር 5–10 ደቂቃ | በደንብ ይሠራል | 20–35 ዶላርና የአንቴና ዕቃ | ጥቂት |
| ዶንግልና ሽቦ አንቴና | አያስፈልግም | በአንድ ዙር 5–20 ደቂቃ | የላፕቶፕ ባትሪ እስካለ | 30–40 ዶላር | ጥቂት፤ ዳታና ሥዕል ግን አለ |
| ዲሽ፣ ኤልኤንቢና ዶንግል | አያስፈልግም | 24 ሰዓት | በባትሪ ይሠራል | ዶንግሏ ሲደመር አሮጌ ዲሽ | በጣም ብዙ |
| ኤፍኤም ማሰራጨት | የግድ | በአንድ ዙር 5–10 ደቂቃ | ይሠራል | ዝቅተኛ | ጥቂት |
| ኤስኤስቢ በአርኤስ-44 | የግድ | እስከ 20 ደቂቃ | ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል | ከ1,500 ዶላር በላይ | መካከለኛ |
| ወደ ኪውኦ-100 መላክ | የግድ | 24 ሰዓት | ባትሪ ይፈልጋል | ጥቂት መቶ ዶላሮች | በጣም ብዙ |

ለየኪሱ፣ ለየፍላጎቱ

ላፕቶፕ ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዶንግሏን ይግዛ፤ ሌላው ሁሉ እሷ ላይ ይቀጠላል። መጀመሪያ በሽቦ አንቴና ሜቴዎርን ይሞክር፣ ዲሹን በኋላ ያምጣ። ዶርም የሚኖር ከሆነ ዲሽ የሚሰቅልበት ስለማይኖረው በሽቦው ይቆይ።

ቤተሰብ ያለውና ቴሌቪዥኑ አረብሳት ላይ የሆነ ሰው ከሁሉ ዕድለኛ ነው፤ ስፕሊተርና ዶንግል ብቻ ነው የሚጎድለው። ላፕቶፕ ከሌለው ዶንግሏን ከአንድሮይድ ስልክ ጋር የሚያገናኝ ኦቲጂ ገመድ አለ፤ ስልኩ በኪውኦ-100 ላይ በቂ ነው፣ ባትሪውን ግን ይጨርሳል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው «ሬዲዮ አምጣልኝ» ብሎ አይዘዝ። ዶንግልና ፒኤልኤል ኤልኤንቢ ይዘዝ፤ ሁለቱም የመቀበያ ዕቃዎች ናቸው። ባለማሰራጫ ሬዲዮ ያለ ፈቃድ በሻንጣ ማስመጣት ዘመድን ኤርፖርት ላይ ለጥያቄ መዳረግ ነው።

የፊዚክስ ወይም የአይሲቲ መምህር ከሆናችሁ ገንዘቡን በአንድ ቦታ አድርጉት፦ በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ቋሚ ዲሽ፣ በቤተ ሙከራው አንድ ኮምፒውተር። ተማሪ የሚመጣው በክፍለ ጊዜው ስለሆነ፣ በክፍለ ጊዜው የሚገኝ ሳተላይት ኪውኦ-100 ብቻ ነው። የጠፈር ጣቢያው ሥዕል የሚልክበት ሰሞን ሲታወጅ ደግሞ ያጊውን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት፤ ከጠፈርተኞች ጋር ተማሪዎችን የሚያነጋግረው አሪስ የተባለው ፕሮግራምም ለትምህርት ቤቶች ክፍት ነው፤ ማመልከቻው ግን ከወራት በፊት ይጀመራል።

የጥሪ ምልክት ያወጣ ሰው ገንዘቡን ለኪውኦ-100 መላኪያ ያውጣ፤ የኤፍኤሙን የእጅ ሬዲዮ ለጎን ይያዝ። አማተሮች ምድርን በከፈሉበት አደባባይ ጎንደር ኬኬ82 ውስጥ ትወድቃለች፤ ከዚህ የሚጠራ ጣቢያ ብርቅ ስለሆነ ስማችሁን አንዴ እንደተናገራችሁ ብዙ ሰው ባንዴ ይጠራችኋል። ወረቀትና እርሳስ አዘጋጁ፤ አንዱን ብቻ ለይታችሁ መልሱ፣ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ።